ከጦርነት የተረፈ ስንቅ፦ አውሮፓውያን ምሩቃን በባዕድ ዩኒቨርሲቲዎች

በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ስድሳ ዓመታት ከአውሮፓ ተነሥተው በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛ ዲግሪ የተማሩ ወጣቶች ስንቃቸው ከየት ይመጣ እንደ ነበር የሚመረምር ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ ምንጭ ነው፤ እርሱም ጦርነት ነው። የቤልጂየም ሕዝብ ከረኃብ እንዲድን ተሰብስቦ የተረፈ ገንዘብ፣ የአሜሪካ ጦር በየባሕር ማዶው ጥሎት የሄደ የጭነት መኪናና የመድኃኒት ክምችት፣ ፊንላንድ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ለተበደረችው እህል ስትከፍል የኖረችው ዕዳ፣ እነዚህ ሁሉ በየተራቸው ወደ ተማሪ ቀለብ ተለውጠዋል። የነጻ ትምህርት ዕድል ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው እንደ ልግስና ታሪክ ነው፤ ልግስናው ሐሰት ባይሆንም፣ ማን ይሂድ፣ የት ይማር፣ ስንት ዓመት ይቆይ፣ በየትኛው አገር ገንዘብ ይከፈለው የሚሉትን ጥያቄዎች የወሰነው ግን በአመዛኙ የጦርነት ሒሳብ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚባለው ራሱ በዛሬ መልኩ ዕድሜው አጭር መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ተማሪው በአንድ ፕሮፌሰር መሪነት ምርምር አካሂዶ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያልደረሰበትን ነገር በመመረቂያ ጽሑፍ አስፍሮና በፈታኞች ፊት ተሟግቶ የዶክትሬት ማዕርግ የሚቀበልበት ሥርዐት መልክ የያዘው በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም በበርሊንና በጎቲንገን ነበር። ሴሚናር የሚባለው፣ ማለትም ጥቂት የበሰሉ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ምንጮችን የሚመረምሩበት ጉባኤ፣ የዚሁ ሥርዐት ልብ ነበር። በዚህም ምክንያት የዘመኑ የዕውቀት ጉዞ ወደ ጀርመን ያመራ ነበር፤ አሜሪካውያን ሳይቀሩ በሺህ እየተቆጠሩ አትላንቲክን ተሻግረው እዚያ ተምረዋል። ዬል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የፍልስፍና ዶክተሮች ያስመረቀው በ1861 ሲሆን፣ በ1876 የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም የጀርመኑን አርአያ ይዞ ነበር የተነሣው። እንግሊዝ በዚህ ረገድ ዘገየች፤ ኦክስፎርድ የዶክትሬት ማዕርግን የፈቀደው በ1917 ነው። ዓመቱ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ከጦርነቱ በፊት ወደ ጀርመን ይጎርፉ የነበሩትን አሜሪካውያን ወደ እንግሊዝ መሳብ ይቻላል የሚል ስሌት ከውሳኔው ጀርባ ነበረ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን የተማሪ ስንቅ በአብዛኛው ከቤተ ሰብ የሚመጣ ነበር፤ ቤተ ሰቡ ደኻ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ማኅበራትና በጎ አድራጊዎች የሚሰጡት ድጎማ ብቻ ነበር ተስፋው። የማሪያ ስክሎዶፍስካ፣ ኋላ ማሪ ኩሪ ተብላ የታወቀችው ሳይንቲስት፣ ታሪክ ይህን በቅርብ ያሳያል። በሩሲያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ዋርሶ ዩኒቨርሲቲው ሴት ስለማይቀበል፣ በየሰው ቤት ልጆች እያስተማረች የእኅቷን የፓሪስ የሕክምና ትምህርት ስትረዳ ቆይታ፣ በ1891 እርሷም በተራዋ ወደ ፓሪስ ሄደች። በ1893 በፊዚክስ ፈተና አንደኛ ብትወጣም፣ የሒሳቡን ዲግሪ ለመቀጠል እጇ ባዶ ነበር፤ ያዳናት በውጭ አገር ለሚማሩ ፖላንዳውያን የሚሰጠው የአሌክሳንድሮቪች የነጻ ትምህርት ዕድል ሲሆን፣ መጠኑ 600 ሩብል ነበር። በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ወጥታ ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ግን ለጋሾቹ ያልጠበቁት ነው፤ ስለ ብረት መግነጢሳዊ ጠባይ ላካሄደችው ጥናት ከተከፈላት ገንዘብ ላይ ቆጥባ 600ውን ሩብል መልሳ ሰጠች። ስጦታ የተባለውን እርሷ እንደ ብድር ቆጥራው ነበርና፣ ገንዘቡ ለሌላ ችግረኛ ተማሪ እንዲተላለፍ ትፈልግ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከሚጠቀሱት ተቀባዮች መካከል ስንቋን ከነሙሉው የመለሰች እርሷ ብቻ ናት።

መንግሥታት የሚፈልጉትን ወዳጅነት በተማሪ በኩል መግዛት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ጎልቶ የወጣው በሴሲል ሮድስ ኑዛዜ ነው። ሮድስ ሀብቱን ያከማቸው በደቡብ አፍሪካ ከኪምበርሊ አልማዝና ከወርቅ ሲሆን፣ ኩባንያው የንዴቤሌንና የሾናን ሕዝብ ምድር የያዘው በመትረየስ ኀይል ነበር፤ ስለዚህ ለዕውቀት የዋለው ይህ ገንዘብ ገና ከምንጩ የጦርነት ሽታ ነበረበት። ሮድስ በ1902 ሲሞት የተገኘው ኑዛዜ ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶችና ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣቶች በኦክስፎርድ እንዲማሩ የሚያዝ ሲሆን፣ በ1901 በተጨመረው ቃለ ኑዛዜ ደግሞ በየዓመቱ አምስት ጀርመናውያን ለሦስት ሦስት ዓመት በዓመት 250 ፓውንድ እየተከፈላቸው እንዲማሩ ደነገገ። ምክንያቱንም በዚያው አስፍሯል፤ እንግሊዝ፣ ጀርመንና አሜሪካ ከተግባቡ የዓለም ሰላም ይጸናል፣ ከማሰሪያዎችም ሁሉ የሚጠብቀው የትምህርት ግንኙነት ነው የሚል ነበር። ሌላው የማይረሳ ነገር የጀርመናውያኑ አመራረጥ ነው፤ በሌሎቹ አገሮች አስመራጭ ኮሚቴ ሲዘጋጅ፣ ጀርመናውያኑን የመምረጡ ሥልጣን ለካይዘር ቪልሄልም ዳግማዊ ለራሱ ተሰጠ። ከዚህ የተነሣ ወደ ኦክስፎርድ የመጡት በርከት ያሉት የመሳፍንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ፤ ዲግሪ ሳይዙ ለአንድና ለሁለት ዓመት ብቻ ተቀምጠው የተመለሱም አልጠፉም።

የሮድስ ተስፋ ዐሥራ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ በአንድ የኮሌጅ ማዕድ የበሉ ወጣቶች በተቃራኒ ምሽግ ተሰለፉ፤ በ1916 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ባወጣው ሕግ የጀርመናውያኑ ዕድል ተሰረዘ። በ1930 በዓመት ለሁለት ሰው ብቻ ተመልሶ ሲከፈት፣ ለመመለሱ ከደከሙት አንዱ በለንደን የጀርመን ኤምባሲ ያገለግል የነበረው አልብሬኽት ፎን ቤርንሽቶርፍ ነው፤ እርሱ ራሱ ከ1909 እስከ 1911 በኦክስፎርድ የትሪኒቲ ኮሌጅ የሮድስ ተማሪ ነበር። በ1939 ሁለተኛው ጦርነት እንደገና ዘጋው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1970 ድረስ ጀርመናዊ የሮድስ ተማሪ አልነበረም።

የእነዚህ ሰዎች ዕጣ የትምህርት ዕድል ሰውን ምን ያህል ይለውጣል ለሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ እንደሌለ ያመለክታል። ከመጀመሪያዎቹ የጀርመን የሮድስ ተማሪዎች አንዱ የነበረው ሉትስ ሽቬሪን ፎን ክሮዚክ፣ በኦሪየል ኮሌጅ የተማረው፣ ከ1932 አንሥቶ እስከ 1945 የጀርመን የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ የሂትለርን መንግሥት በጀት ያስተዳደረ ሲሆን፣ በኑረምበርግ በ1949 ዐሥር ዓመት ተፈርዶበታል። በተቃራኒው ቤርንሽቶርፍ ናዚዎችን ተቃውሞ፣ ለአይሁድ ስደተኞች ረዳት ሆኖ፣ በ1943 ታስሮ በሚያዝያ 1945 በርሊን ውስጥ በኤስኤስ ሰዎች ተገደለ። አዳም ፎን ትሮት ደግሞ በጎቲንገን ስለ ሄግል የመንግሥት ፍልስፍና የዶክትሬት ጽሑፉን አዘጋጅቶ በ1931 ወደ ባሊዮል ኮሌጅ የገባ ሰው ነው፤ ከተመለሰ በኋላ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ከሂትለር ተቃዋሚዎች ጋር በኅቡእ ሲሠራ ቆይቶ፣ የሐምሌ 20 ቀን 1944ቱ የግድያ ሙከራ ሲከሽፍ በነሐሴ 26 በበርሊኑ የፕሌትሰንዜ እስር ቤት ተሰቀለ። ሦስቱም በአንድ ኑዛዜ ስንቅ የበሉ ናቸው። ሮድስ ሊያፈራው የፈለገውን ዐይነት ሰው ለማግኘት በትሮትና በቤርንሽቶርፍ ላይ ጣት መቀሰር ለገንዘቡ አስተዳዳሪዎች ቀላል ነው፤ ሐቀኛ ሒሳብ ግን ክሮዚክንም መቁጠር ይኖርበታል።

ከጦርነት የተረፈ ገንዘብ በቀጥታ ወደ ተማሪ ኪስ የገባበት የመጀመሪያው ዐቢይ ምሳሌ ቤልጂየም ናት። በ1914 ጀርመን አገሪቱን ስትወርር፣ እህሏን ከውጭ ታስገባ የነበረችው ቤልጂየም በአንድ በኩል በጀርመን ጦር፣ በሌላ በኩል በእንግሊዝ የባሕር እገዳ መካከል ተይዛ ለረኃብ ተጋለጠች። በዚያን ጊዜ ለንደን የነበረው አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ ኸርበርት ሁቨር የቤልጂየም ረድኤት ኮሚሽንን አቋቁሞ፣ ከሁለቱም ተዋጊ ወገኖች ፈቃድ እየተቀበለ ስንዴ በመርከብ ያስገባ ጀመር። ጦርነቱ አልቆ ሒሳቡ ሲዘጋ በኮሚሽኑ እጅ ብዙ ገንዘብ ተረፈ። ለጋሾቹ ብዙ፣ የመጡትም ከብዙ አገር በመሆኑ ገንዘቡን ለእያንዳንዱ መመለስ የማይሆን ነገር ነበር፤ ስለዚህ ሁቨር ከቤልጂየማዊው የባንክ ሰው ከኤሚል ፍራንኪ ጋር ተመካክሮ ከፊሉ ለቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎች መጠገኛ እንዲውል፣ ከፊሉም በቤልጂየምና በአሜሪካ መካከል ምሩቃን የሚመላለሱበት ቋሚ ድርጅት እንዲሆን ተደረገ። በ1920 የተመሠረተው ይህ ድርጅት በ1938 የቤልጂየምና የአሜሪካ የትምህርት ፋውንዴሽን የሚለውን ስም ይዞ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በዚህ ዕድል ከተጠቀሙት ሁሉ የጆርዥ ለሜትር ታሪክ የተለየ ነው። ለሜትር በሻርለርዋ ከተማ በ1894 ተወለደ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመድፈኛ ክፍል አገለገለ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሒሳብ አጥንቶ በ1923 ካህን ሆነ። አንድ ዓመት በካምብሪጅ በከዋክብት ተመራማሪው በአርተር ኤዲንግተን ዘንድ ተምሮ፣ በ1924 የቤልጂየሙን ፋውንዴሽን ስንቅ ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረና በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በሃርሎው ሻፕሊ ሥር ይሠራ ጀመር። መመልከቻው በዚያን ጊዜ ዶክትሬት ስለማይሰጥ፣ ለማዕርጉ የተመዘገበው በዚያው ከተማ አጠገብ ባለው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነበር። ለጥናቱ ወሳኝ የሆነው ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ ያገኘው ነው፤ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ተጉዞ በአሪዞናው የሎዌል መመልከቻ ቬስቶ ስላይፈርን፣ በካሊፎርኒያ ኤድዊን ሃብልን ጎበኘ። ስላይፈር የሩቅ ጋላክሲዎች ብርሃን ወደ ቀይ እንደሚያዘነብል፣ ማለትም ከእኛ እየራቁ መሆናቸውን የሚያመለክት መረጃ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ሃብል ደግሞ ርቀታቸውን የሚለካበት ዘዴ ነበረው። ለሜትር ወደ ሉቫን ተመልሶ በ1927 ባሳተመው ጽሑፍ ሁለቱን መረጃዎች ከአይንስታይን ቀመሮች ጋር አዛምዶ ጠፈር እየሰፋ መሆኑን አስረዳ። ጽሑፉ በፈረንሳይኛ፣ ብዙ ሰው በማያነበው የብራስልስ መጽሔት ላይ በመውጣቱ፣ ኤዲንግተን በ1931 በእንግሊዝኛ እንዲታተም እስኪያደርግ ድረስ ትኩረት አላገኘም። ከረኃብ መከላከያ የተረፈ የስንዴ ገንዘብ ለጠፈር ጥናት መነሻ ይሆናል ብሎ በ1920 የገመተ ሰው አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ያሉት ሃያ ዓመታት የጉዞው አቅጣጫ የተገለበጠባቸው ናቸው። የጀርመን ማርክ በ1923 ዋጋ አጥቶ ደመወዝ በቅርጫት በሚታፈስበት ጊዜ፣ አሜሪካ ደግሞ አበዳሪ አገር ሆና ብቅ ብላ ነበር። በኒውዮርክ በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የትምህርት ተቋም ለውጭ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ቦታና ገንዘብ ማፈላለግ ሲጀምር፣ በዚያው ዘመን ካርል ዮአኪም ፍሪድሪሽ የተባለ የሃይደልበርግ ተማሪ አሜሪካ ደርሶ ለጀርመን የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የነጻ ትምህርት ዕድሎች አሰባስቦ ተመለሰ። ከዚህ ጥረት በ1925 በሃይደልበርግ የተወለደው ድርጅት፣ ዛሬ ዲኤኤዲ በሚል ምኅጻረ ቃል በኢትዮጵያ ምሩቃንም ዘንድ የታወቀው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት ነው። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ድርጅቱን የርዕዮታቸው መሣሪያ አደረጉት፤ ኀላፊው አዶልፍ ሞርስባኽም በ1934 ታስሮ ከሥራው ተባረረ። እንደገና የተቋቋመው በ1950 በቦን ነው። ለእንግሊዛውያን ደግሞ የሃርክነስ ቤተ ሰብ ሀብት ያቆመው የኮመንዌልዝ ፈንድ በ1925 ለምሩቃን የሁለት ዓመት ዕድል ከፈተ፤ ከግዴታዎቹ አንዱ ተማሪው ወራት ወስዶ አሜሪካን እንዲዞር ነበርና፣ በ1932 ወደ ዬል የመጣው አሊስተር ኩክ በዚያ ጉዞ የለመደውን አገር ለሃምሳ ስምንት ዓመት ያህል በቢቢሲ ራዲዮ ለእንግሊዛውያን ሲተርክ ኖረ።

ከእነዚህ ዓመታት ተማሪዎች መካከል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀረብ የሚለው ዲትሪሽ ቦንሆፈር ነው። ቦንሆፈር በሃያ አንድ ዓመቱ በበርሊን በነገረ መለኮት ዶክትሬቱን ያገኘ፣ ለቅስና ግን ዕድሜው ገና ያልደረሰ ወጣት ነበርና፣ በ1930 በስሎን ፌሎሺፕ ወደ ኒውዮርኩ ዩኒየን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተላከ። ፌሎሺፕ ማለት ተቀባዩ በጥናቱ ላይ እንዲውል ለተወሰነ ጊዜ መተዳደሪያ የሚሰጠው ዕድል ነው። በአሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት እምብዛም አልተደነቀም፤ ከበርሊን ጋር ሲያስተያየው ጥልቀት የጎደለው ሆኖ ታየው። የቀየረው ነገር የተገኘው ከትምህርት ቤቱ ውጭ ነው። አብሮት የሚማር አልበርት ፊሸር የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሃርለም ወደሚገኘው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ወሰደው፤ ቦንሆፈርም ለወራት በዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አስተማረ። ይህች ቤተ ክርስቲያን በ1808 የተመሠረተች ሲሆን፣ በምእመናኗ ትውፊት መሠረት፣ በነጮች ቤተ ክርስቲያን ተለይተው እንዲቀመጡ መደረጋቸውን ያልወደዱ ጥቁር አሜሪካውያንና ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች ተባብረው አቆሟት፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው አብሮ አደር ተማሪ ዣን ላሴር ደግሞ ጦርነትን መቃወም የክርስቲያን ግዴታ ነው የሚለውን እምነት አሳደረበት፤ አባቶቻቸው እርስ በርስ ሲታረዱ የኖሩ ፈረንሳዊና ጀርመናዊ አብረው በመኪና እስከ ሜክሲኮ ተጓዙ። ቦንሆፈር በ1931 ሲመለስ ከሃርለም የሰበሰባቸውን የመንፈሳዊ መዝሙር ሸክላዎች ይዞ ነበር፤ ኋላም በድብቅ ያስተምራቸው ለነበሩ የፊንከንቫልደ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሰምቷቸዋል። በ1939 ወዳጆቹ ከናዚዎች እንዲያመልጥ ብለው መልሰው ኒውዮርክ ቢያመጡትም፣ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በፈቃዱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ማጎሪያ ተሰቀለ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የተማሪ ስንቅ ታሪክ ወደ መንግሥታት እጅ ገባ፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ሰው ደግሞ ከአርካንሶ የመጣው ሴኔተር ዊሊያም ፉልብራይት ነው። ፉልብራይት በ1925 በሮድስ ኑዛዜ ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነውና፣ የሮድስ ገንዘብ ካስገኛቸው ነገሮች አንዱ ሌላ የትምህርት ዕድል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጦርነቱ ሲያልቅ የአሜሪካ ጦር በአውሮፓና በእስያ የማይቆጠር ንብረት ነበረው፤ የጭነት መኪና፣ የባቡር መሣሪያ፣ ምግብ፣ መድኃኒት። ይህን ሁሉ ወደ አገር መልሶ ማጓጓዝ ከዋጋው በላይ ያስወጣ ነበር፤ ሊገዙ የሚሹት አገሮች ደግሞ ዶላር አልነበራቸውም። ሴኔተሩ በመስከረም 1945 ያቀረበው ረቂቅ ይህን ቋጠሮ በአንድ ጊዜ የሚፈታ ነበር፤ አገሮቹ ንብረቱን በራሳቸው ገንዘብ ይግዙት፣ ያ ገንዘብም እዚያው ተቀምጦ ለተማሪና ለመምህር ልውውጥ ይዋል። ፕሬዚዳንት ትሩማን በነሐሴ 1 ቀን 1946 ፈረሙበት። ለአንድ አገር የሚመደበው እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር፣ በዓመት የሚወጣው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ረቂቁ ከግብር ከፋዩ ኪስ አዲስ ዶላር ስለማይጠይቅ በምክር ቤቱ ያለ ብዙ ክርክር አለፈ፤ ሴኔተሩም ዝምታውን የፈለገው ይመስላል።

ሆኖም የአሠራሩ ብልኀት ራሱ ለአውሮፓውያን ምሩቃን እንቅፋት ነበረበት። የተቀመጠው ገንዘብ ፍራንክ፣ ሊሬ ወይም ፓውንድ በመሆኑ ፓሪስ ለሚቀመጥ አሜሪካዊ ምግቡንም፣ ቤቱንም፣ የትምህርት ክፍያውንም ሲችልለት፣ ወደ ቺካጎ ለሚሄድ ፈረንሳዊ ግን የመርከብ ቲኬት ከመግዛት አያልፍም ነበር። በኒውዮርክ ወደብ ከወረደ በኋላ ፍራንኩ ለዳቦ መግዣ እንኳ አይውልም። ስለዚህ አንድ አውሮፓዊ የፉልብራይት ተማሪ ለመባል በመጀመሪያ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከግል ድርጅት የዶላር ድጎማ ማግኘት ነበረበት፤ ቀዳዳው በከፊል የተደፈነው በ1948 የወጣው የስሚዝና የመንት ሕግ የመንግሥት ዶላር ሲመድብ ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የልውውጥ ስምምነቱን ሲፈርሙ፣ ምዕራብ ጀርመን በ1952 ተከተለች። በነዚህ ዓመታት ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የተጓዘውን ምሩቅ ማንነት በአመዛኙ የወሰነው እንግዲህ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ አቅምና ምርጫ ነበር፤ የዋሽንግተን ፖለቲካ የሚታሰበውን ያህል አልገባበትም።

የፊንላንድ መንገድ ከሁሉም ይለያል። ፊንላንድ ከሩሲያ ነጻ ከወጣች በኋላ በረኃብ ጊዜ ከአሜሪካ እህል በብድር ወስዳ ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ትልልቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት የጦርነት ብድራቸውን መክፈል ሲያቆሙ፣ ይህች ትንሽ አገር ግን ሳታቋርጥ ከፈለች፤ በዚህም በአሜሪካ ጋዜጦች ስሟ በበጎ ተነሣ። በ1949 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊንላንድ ከዚያ በኋላ የምትከፍለው ገንዘብ ሁሉ ፊንላንዳውያን በአሜሪካ እንዲማሩበት፣ እንዲሁም የአሜሪካ መጻሕፍትና የምርምር መሣሪያዎች ለፊንላንድ እንዲገዙበት የሚያዝ ሕግ አወጣ። ዕዳውን የሚከፍለው መንግሥት ክፍያውን በገዛ ልጆቹ ትምህርት መልክ መልሶ መቀበሉ ብርቅ ነገር ነው። በፊንላንድ አስላ ተብሎ የሚጠራው ይህ ዕድል ከፉልብራይት ጋር ተጣምሮ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱን ምሁራን ወደ አሜሪካ አመላልሷል።

ለጋሾቹን ሁሉ ያሳሰበ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ተማሪው ይመለሳል ወይ የሚለው። በ1956 የወጣ የአሜሪካ ሕግ በልውውጥ ቪዛ የገባ ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት ከአሜሪካ ውጭ ሳይቀመጥ ለመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት እንዳይችል ከለከለ፤ ዛሬ ጄ በሚባለው ቪዛ የሚሄዱ ኢትዮጵያውያንም የሚያውቁት ግዴታ መነሻው ይኸው ነው። ሕጉ ግን በሌላ ዐይነት ቪዛ የሚሄዱትን አልነካም። በ1963 የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ ምሁራን የአገሪቱ ሳይንቲስቶች ወደ ውጭ መፍለስ አሳሳቢ መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት ሲያወጡ፣ የሳይንስ ሚኒስትሩ ሎርድ ሄልሸም አሜሪካ የራሷ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደካማ በመሆኑ በሌሎች አገሮች አእምሮ ትኖራለች ብለው በብርቱ ወቀሱ። ቁጣው የሚገባ ይሁን እንጂ፣ እንግሊዝ ራሷ ከሕንድና ከሌሎች የቀድሞ ግዛቶቿ ሐኪሞች እየወሰደች በነበረበት ዘመን መነገሩ ክብደቱን ይቀንሰዋል።

የቀዝቃዛው ጦርነት ደግሞ ተማሪን ለተማሪ የሚለዋወጥ ሌላ አሠራር አመጣ። በጥር 1958 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በፈረሙት የባህል ስምምነት ከየወገኑ በመጀመሪያው ዓመት ሃያ፣ በሁለተኛው ሠላሳ ያህል ምሩቃን እንዲላኩ ተወሰነ። አሜሪካውያኑ የሩሲያ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ አጥኚዎች ሲሆኑ፣ ከሶቪየት በኩል የሚመጡት አብዛኞቹ የተፈጥሮ ሳይንስና የምሕንድስና ሰዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱ መንግሥት ከሌላው ሊወስድ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ከዝርዝሩ መረዳት ይቻላል። በዚያ ዓመት ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከመጡት መካከል ግን ሁለት የተለዩ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ኦሌግ ካሉጊን በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የተመዘገበ የኬጂቢ መኰንን ሲሆን፣ ኋላ በድርጅቱ ውስጥ ጄኔራል ሆነ። ሌላው አሌክሳንደር ያኮቭሌቭ በጦርነቱ የቆሰለ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው የፓርቲ ሠራተኛ ነበር፤ ያጠናውም የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ኒው ዲል የተባለ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። ያኮቭሌቭ ከኮሎምቢያ የተመለሰው የአሜሪካ ወዳጅ ሆኖ አይደለም፤ ለዓመታት የአሜሪካን ፖለቲካ አጥብቀው የሚነቅፉ መጻሕፍት ጽፏል። የጎርባቾፍ የቅርብ አማካሪ ሆኖ የፔሬስትሮይካ፣ ማለትም የሶቪየት ሥርዐት ተሐድሶ፣ ዋና ቀያሽ ለመባል የበቃው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው፤ ያም በካናዳ ያሳለፈውን የዐሥር ዓመት አምባሳደርነት ጨምሮ ነው። ስለዚህ የኮሎምቢያ አንድ ዓመት ሶቪየት ኅብረትን ለወጠ የሚለው በአሜሪካ የልውውጥ ወገኖች የሚወደድ አባባል ከማስረጃው በላይ ይሄዳል።

የጦርነቱ ትርፍ ንብረት ገንዘብ እያለቀ ሲሄድ በ1961 የወጣው የፉልብራይትና የሄይስ ሕግ የሌሎች አገሮች መንግሥታት ወጪውን እንዲጋሩ መንገድ ከፈተ፤ ምዕራብ ጀርመን ወጪ መጋራት ከጀመሩት ቀደምት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ውሎ አድሮ ከአሜሪካ የበለጠውን ድርሻ የምትከፍለው እርሷ ሆነች። አውሮፓውያን ለእርስ በርስ ልውውጣቸው ከጋራ በጀት መክፈል የጀመሩት በ1987 የኤራስመስ ፕሮግራም ሲጸድቅ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ11 አገሮች 3,244 ተማሪዎች ተጓዙ። ፕሮግራሙ የተሰየመበት የሮተርዳሙ ኤራስመስ በ1495 ወደ ፓሪስ ለነገረ መለኮት ትምህርት ሲላክ ስንቁን ይሰጠው የነበረው የካምብሬ ጳጳስ ነበር። በ2004 የተጀመረው ኤራስመስ ሙንዱስ ደግሞ የማስተርስ ተማሪዎችን ከአንድ አገር ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው እያዘዋወረ የሚያስተምር ሲሆን፣ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡም በመከፈቱ ኢትዮጵያውያን ምሩቃን ከአውሮፓውያኑ ጎን በአንድ ክፍል ተቀምጠው በዚያው በጀት የሚማሩበት ሆኗል።